ካሜራው ከሄደ በኋላ

መሐመድ አሚንን በስሙ የምናውቀው ጥቂቶች ነን፤ የቀረፀውን ያላየ ግን የለም። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ያሰራጨው የኮረም ረሃብ የእሱ ካሜራ ሥራ ነው። ዘገባውን ማይክል በርክ አነበበው፣ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀባበሉት። በዚያው ዓመት ሐምሌ 6 ላይቭ ኤይድ የተባለው የእርዳታ ኮንሰርት ተካሄደ፤ እርዳታው ጎረፈ።

ኬንያዊው መሐመድ፣ በአጭሩ ሞ፣ ገና በጎረምሳነቱ ዳሬ ሰላም ላይ ካሜራፒክስ የተባለ የራሱን ድርጅት ያቋቋመ ሰው ነው። ጦርነቱንም መፈንቅለ መንግሥቱንም እየተከተለ ቀርጿል፤ ዛንዚባር ላይ ታስሯል። ከኮረም በኋላ ዜናው ላይ አላቆመም፤ ከሙያ ጓደኛው ከሞሂንደር ዲሎን ጋር «አፍሪካን ካልቫሪ» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ሠራ።

ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ ግንቦት 27 ቀን 1983፣ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ሊቀርፅ ሄደ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ፤ ሞ ግራ እጁን አጣ። ሰው ሠራሽ እጅ አስገጥሞ ወደ ሥራው ተመለሰ። ኅዳር 14 ቀን 1989 የተጠለፈው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ ሲወድቅ ከሞቱት 125 ሰዎች አንዱ እሱ ነበር፤ 53 ዓመቱ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ ልጁ ሳሊም በአባቱ ሕይወት ላይ «ሞ ኤንድ ሚ» የሚል ፊልም አወጣ። አባትየው ምስሉን ባያስቀምጥ ኖሮ ልጁ ምን ይዞ ይሠራ ነበር?

ከየቡ ሆኜ ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። ደርግ በዚያ ረሃብ ጊዜ ከወሎና ከትግራይ ያነሳቸውን ሰዎች ካሰፈረባቸው ክፍለ ሀገሮች አንዱ የእኛው ከፋ ነው፤ ዋና ከተማውም ጅማ ነበረች። አንዳንዱን ወባ ፈጀው፣ አንዳንዱ ጠፍቶ ወደ አገሩ ተመለሰ፣ የቀረው ኦሮምኛ ለምዶ፣ ቡና ተክሎ፣ ልጅ ድሮ ኖረ። ዓለም ሲወድቅ ያየውን ሰው ሲነሳ አላየውም። ዜና የሚፈልገው የወደቀበትን ቀን ነው፤ የቀረውን አርባ ዓመት የሚከታተል ፊልም ሠሪ ያስፈልጋል።

ያ ሰው ከናይሮቢ አይመጣም። እዚሁ የቡ ውስጥ ሙሽሮችን ቡና ማሳ መሐል አቁመው አሳምረው የሚቀርፁ ልጆች አሉን። አሁን ለቀማ ነው፤ ቀይ እሸቱ በየማድረቂያ አልጋው ላይ ተሰጥቷል፣ ሴቶቹ እያገላበጡ ጥሬውን ይለቅማሉ። እናቶችና አባቶች ተሰብስበው የሚጨዋወቱበት ወቅት ነው። ልጆች፣ አስፈቅዳችሁ ከአጠገባቸው ተቀመጡ። ከየት መንደር እንደመጡ፣ ማን እንደተቀበላቸው፣ የመጀመሪያውን ቡና መቼ እንደለቀሙ ጠይቁ። ዋናውን ቅጂ ቲክቶክ ላይ ለጥፋችሁ አታጥፉት፤ ስምና ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡት። በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የመጡት ሕፃናት ዛሬ አርባዎቹን አልፈዋል፣ ወላጆቻቸውም አንድ በአንድ እየተለዩን ነው። ዘንድሮ ያልተቀረፀ ለከርሞ አይገኝም።