ሰባት ሌሊት በማድሪድ

እስከ ዛሬ ከእናንተ ጋር የተገናኘሁት በግጥም ነበር። ዛሬ ግን ስንኝ ሊሸከምልኝ ያልቻለ ነገር ይዤ በስድ ንባብ መጥቻለሁ። ታገሡኝ።

የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ቀኔ ከመስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ በመቁጠር ያልፋል፤ ማታ ማታ ደግሞ የራሴን ስንኝ እቆጥራለሁ። በሁለቱም ቆጠራ ጎድሎብኝ ያውቃል። ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር መሥሪያ ቤቴ ለአጭር ሥልጠና ወደ ማድሪድ ላከኝ። የቆይታዬ ልክ ሰባት ሌሊት ነበር።

ይህን የሰሙ የአንድ የቆየ ወዳጄ እናት ከመሄዴ ሁለት ቀን ቀድመው ቤቴ ድረስ መጡ። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ለየብቻ ቋጥረዋል። «ቢሮ ነው የሚሠራው፤ ሥራ ስለሚበዛበት ማታ ማታ ስልክ አያነሣም» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «በስልክ ሁልጊዜ ‹ደኅና ነኝ› ነው የሚለኝ። አንተ ግን ፊቱን አይተህ፣ ያየኸውን ትነግረኛለህ። አደራ ልጄ!» አሉ። አደራ ከባድ ቃል ነው። ባንክ ቤትም አደራ እንቀበላለን፤ የባንኩ ግን ደረሰኝ አለው።

ይህ ወዳጄ በዩኒቨርሲቲ ዘመናችን ከሁላችን የተሻለ ገጣሚ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ማታ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ በነበረች አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ተሰባስበን የጻፍነውን እናነብ ነበር። እርሱ ሲያነብ አስተናጋጇ እንኳ ብርጭቆ ማንሣቷን ትተው ነበር። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለትምህርት ብሎ ሄደ፤ በዚያው ቀረ።

የመጀመሪያው ምሽት ረቡዕ ነበር። «የፀሐይ በር» የሚል ትርጉም ባለው በፑዌርታ ዴል ሶል አደባባይ ተገናኘን። ተቃቅፈን ስንላቀቅ እጁን ያዝኩት። ሻከረኝ። ዝም አልኩ።

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ስለ ነበር (ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው) «እራት በልተሃል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀብኝ። «እዚህ አገር እራት ገና አልተሰናዳም» አለኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። የፍራንኮ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940 የአገሪቱን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ገፋ፤ ከዚያ ወዲህም ወደ ቦታው አልተመለሰም። ማድሪድ ከግሪንዊች በስተ ምዕራብ ብትገኝም የምትከተለው የበርሊንን ሰዓት ነው። በሰኔ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ሰው ፀሐይዋን እየተከተለ ይኖራል፤ ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ይላል። ቀኑን ከንጋት ጀምሮ ለሚቆጥር ለእኔ ይህ እንግዳ አልሆነብኝም።

ከአደባባዩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ካሳ ላብራ የሚባል ቤት አለ። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1860 ነው። ሰው ተሰልፎ በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ዓሣና ትንሽ ብርጭቆ ድራፍት ይገዛል፤ ቆሞም ይበላል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1879 የእስፓኝ ሶሻሊስት ፓርቲ የተመሠረተው በዚህ ቤት ውስጥ መሆኑን ወዳጄ ነገረኝ። እኔ ግን ከፓርቲው ይልቅ ያሳሰበኝ ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ነበር። ዓሣ ጾም ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ክርክር እዚያው ጀመርን። ሳንቋጨው ዓሣው አለቀ።

በማግሥቱ ሐሙስ ነበርና ወደ ደራስያኑ ሠፈር ወሰደኝ። በዌርታስ መንገድ ላይ የታላላቅ ጸሐፍት ቃላት በወርቃማ ፊደል በንጣፉ ድንጋይ ላይ ተቀርጸዋል፤ ሰካራሙም ሰካራም ያልሆነውም እየረገጣቸው ያልፋል። የዶን ኪኾቴው ደራሲ ሰርቫንቴስና የተውኔት ጸሐፊው ሎፔ ዴ ቬጋ የኖሩት እዚህ ነው። አይዋደዱም ነበር፤ ሎፔ እ.ኤ.አ. በ1604 በጻፈው ደብዳቤ የሰርቫንቴስን ገጣሚነት አጣጥሎበታል። የዛሬው ዕጣቸው ግን ያስቃል፤ የሎፔ ቤት የሚገኘው በሰርቫንቴስ መንገድ ላይ ሲሆን፣ ሰርቫንቴስ የተቀበረበት ገዳም ደግሞ በሎፔ ዴ ቬጋ መንገድ ላይ ነው። «እኔና አንተም እንዲህ እንዳንሆን» አልኩት። «መንገድ ከሰጡን ግድ የለኝም» አለኝ።

ከዚያ ሠፈር የማልረሳው ላ ቬኔንሲያ የተባለውን ቤት ነው። ቢራ የለም፤ የሚቀዳው ከደቡቡ ከኼሬስ የሚመጣ የወይን ጠጅ ብቻ ነው። ግድግዳው በዘመናት ጢስ ጠይሟል። ጉርሻ አይቀበሉም፤ ፎቶግራፍ ማንሣትም አይፈቀድም። ይህ ልማድ በእርስ በርስ ጦርነቱ ዘመን ሰላይ ከመፍራት የመጣ ነው ይባላል። የእኔን ልብ የሰረቀው ግን ሒሳቡ ነው። አስተናጋጁ የጠጣኸውን በእንጨቱ ባንኮኒ ላይ በጠመኔ ይጽፋል፤ ስትከፍል በእርጥብ ጨርቅ ያብሰዋል። ይኸው ነው። መዝገብ የለ፣ ማኅደር የለ። ስንት ሌሊት ሒሳብ አልዘጋ ብሎኝ እንዳመሸሁ አስታወስኩ። ባንክና ባንኮኒ ከአንድ የጣሊያን ቃል የተወለዱ ወንድማማቾች መሆናቸውንም ያን ዕለት አሰብኩ።

«ምን እየጻፍክ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት፤ ሐሙስ ነበርና።

«የጠመኔ ነገር ነው» አለኝ። «ሌሊት ይጻፋል፣ ጠዋት ይታበሳል።»

ዓርብ ማታ ማላሳኛ ወደሚባለው ሠፈር ሄድን። ሠፈሩ የተሰየመው እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1808 ሕዝቡ በናፖሊዮን ጦር ላይ ሲነሣ በተገደለችው የ17 ዓመት ጥልፍ ሠሪ በማኑዌላ ማላሳኛ ስም ነው። በአንደኛው ትረካ መሠረት የሞት ፍርድ ያመጣባት የያዘችው የሥራ መቀስ ነው፤ እንደ ጦር መሣሪያ ተቆጠረባት። በዚያው ሠፈር ፍራንኮ እ.ኤ.አ. በ1975 ከሞተ በኋላ ለአርባ ዓመት ገደማ አፉን ተለጉሞ የኖረው ወጣት በዘፈን፣ በፊልምና በሥዕል ፈነዳ። «ላ ሞቪዳ» ይሉታል። ላ ቪያ ላክቴያ የተባለው ቤት እ.ኤ.አ. በ1979 ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት ከንቲባ የሆኑት አዛውንት ፕሮፌሰር ቲየርኖ ጋልቫንም እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1986 ድረስ ለወጣቱ በጎ ዓይን ነበራቸው። አልሞዶቫር የወጣው ከዚህ ማዕበል ውስጥ ነው። ከማዕበሉ ያልተመለሱም ብዙ ናቸው፤ የዚያን ትውልድ ልጆች ሄሮይን የተባለው ዕፅ ጨርሷቸዋል። ነፃነት የምትመጣው ሒሳቧን ደብቃ ነው።

መንገዱ በሰው ሞልቷል። የሚጠጣው ቆሞ፣ የሚወራው ጮኾ ነው። ከአንድ ቤት ወደ ሌላው ይዘዋወራሉ፤ አንድ ቦታ መክረም ነውር ይመስል። ታፓ የሚሉት ትንሽ ምግብ ከመጠጡ ጋር ይቀርባል፤ የቃሉ ትርጉም «ክዳን» ነው። ወዳጄ ድንገት ከአንዲት ቤት በር ላይ ቆመ። «እንግዲህ እኔ የምሠራው እዚህ ነው» አለኝ። ስም አልጠቅስም። በጓሮ በር ገባ፤ ሽርጥ አሥሮ ከባንኮኒው ጀርባ ብቅ አለ።

ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ከሥልጠናው መልስ ጥግ ይዤ እቀመጥ ነበር። ብርጭቆ ሲሰበስብ፣ ሲያጥብ፣ በርሜል ሲጎትት፣ የጠጡትን በትሕትና ሲሸኝ አየሁት። የእጁን ሻካራነት ሚስጥር አወቅሁ። አንድም ቀን ሲጠጣ ግን አላየሁትም። እሑድ ቀን ላ ላቲና በተባለው ሠፈር ሰው ከራስትሮ የገበያ ግርግር ወጥቶ ቬርሙት ሲጎነጭ እርሱ ለስላሳ ነበር የያዘው። «ይህን ሁሉ መጠጥ የሚቀዳ ሰው…» ብዬ ሳልጨርስ፣ «አንተስ የቆጠርከውን ሁሉ ኪስህ ትከተዋለህ?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

የመጨረሻዋ ሌሊት ማክሰኞ ነበረች። ቤቱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተዘጋ፤ ወለሉን ጠርጎ እስኪጨርስ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። የምድር ውስጥ ባቡሩ ከሌሊቱ ሰባት ተኩል እስከ ንጋቱ አሥራ ሁለት አይሠራም። ስለዚህ ከ1894 ጀምሮ ወደ ኖረው ወደ ሳን ኼኔስ ቸኮላታ ቤት በእግራችን ሄድን። ወፍራም ትኩስ ቸኮላታ በስኒ ይመጣል፤ ቹሮ የሚሉትን የተጠበሰ ሊጥ እያጠቀሱ ይበሉታል። ለቦንቦሊኖ የቅርብ ዘመድ ነው። ከጎናችን ከጭፈራ የወጡ ልጆች፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ገና ሥራ ሊገቡ የተነሡ ሰዎች ነበሩ። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለውን ጊዜ «ማድሩጋዳ» ይሉታል። በእኛ ውድቅት፣ ዶሮ ጩኸት፣ ጎህ ብለን የምንከፋፍለውን ሁሉ እነርሱ በአንድ ቃል ጠቅልለው ይኖሩበታል።

«ያቺ የሐሙሷ ቤታችን ተርፋለች?» አለኝ፣ ስኒውን እያየ።

ፒያሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ስትፈርስ ፎቶግራፎቹን አይቷል፤ የእኛዋን ግን ለይቶ አላገኛትም።

ዝም አልኩ።

«እውነቱን ንገረኝ። አትሸንግለኝ» አለ።

«የለችም» አልኩት። «ዶሮ ማነቂያ ራሱ የለም።»

ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ከዚያ «ስለ ነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ፣ «እናቴን ግን ቢሮ እንደምሠራ ንገራት» ሲል ለመነኝ። ራሴን ነቀነቅሁ። የነቀነቅሁት እሺ ለማለት ይሁን በሐዘን፣ እስከ ዛሬ ለራሴም አልለየልኝም።

ከሲቤሌስ አደባባይ በሌሊቱ አውቶቡስ ተሳፈርን። የሌሊት አውቶቡሶቹን «ጉጉት» ነው የሚሏቸው። በእኛ ዘንድ የጉጉት ድምፅ አያስወድድም፤ እዚያ ግን የደከመውን ሁሉ ቤቱ የምታደርስ እርሷ ናት። ከከተማው ደቡብ ምሥራቅ ባዬካስ ከሚባለው የሠራተኞች ሠፈር ወረድን። ቀዝቃዛው ደረጃ ላይ ቆሞ ቁልፉን በጨለማ ሲፈልግ አየሁት። ውስጥ ማንም አልነበረም። እናቱ የላኩለት በርበሬ እንደ ተቋጠረ ከመስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጧል።

በመመለሻዬ አውሮፕላን ውስጥ አንድ ነገር ከነከነኝ። ወዳጄ ለራሱ የመረጠው እውነትን ነው፤ የሚያመውን ቢሆንም እንኳ። ታዲያ እናቱ ከእርሱ በምን አንሰው ነው ውሸት የሚገባቸው? «ያየኸውን ትነግረኛለህ» ያሉኝ እርሳቸው ነበሩ፤ አደራውን ቀድሞ የሰጠኝም እናቱ ናቸው።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ቡና አፍልተው ጠበቁኝ። ነገርኳቸው። መጠጥ ቤት እንደሚሠራ፣ እንደማይጠጣ፣ እንደ ከሳ፣ እጁ እንደ ሻከረ፣ ቀልዱ ግን እንዳልተለየው። ሌሊት ሠርቶ ጎህ ሲቀድ ብቻውን ቤቱ እንደሚገባ። አላለቀሱም። ስኒውን አስቀምጠው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦

«ሲነጋ ማን በር ይከፍትለታል?»

መልስ አልነበረኝም። ወዳጄ ነገሩን ከሰማ በኋላ ለሁለት ወር አላናገረኝም። በገና ዋዜማ ግን ደወለ። እናቱ አሁን በየንጋቱ፣ ከሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ እየደወሉ «ገባህ?» እንደሚሉት ነገረኝ። ተቆጥቶ ይሁን ደስ ብሎት፣ ከድምፁ መለየት አቃተኝ። ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት ግን፣ «ያላበስኳት አንዲት ግጥም አለችኝ፤ እልክልሃለሁ» አለኝ። እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው የእኔን ትንሽ ስንኝ ተቀበሉኝ።

የሌላውን ደስታ ሲቀዳ ያድርና፣
ብርጭቆውን ሲያጥብ ጎሁ ይቀድና፣
ቁልፉን ከኪሱ ውስጥ ፈልጎ ያወጣል፤
ራሱ አንኳኩቶ ሊከፍት ይመጣል።
እናቱም በሩቁ ነቅታ ታዳምጣለች፤
ያልተንኳኳ በሯን ልትከፍት ትነሣለች።

ቸር ይግጠመን።