ኸምሳ እና ሃምሳ

ሶባ ስንኖር አንዲት አሮጌ ኮሮላ ነበረችን። ዕቃ የምናመላልሰውም ልጆቹን ትምህርት ቤት የምናደርሰውም በእሷ ነበር። ስልክ ደግሞ የሚጮኸው ሁልጊዜ ወደ መደኒ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስንሆን ነው። በአንድ እጅ መሪ፣ በሌላው ስልክ፤ ወይ ደግሞ ስልኩን ጭናችን ላይ አድርገን እንጮሃለን።

አንድ ቀን ሱዳናዊ ደንበኛችን ደረቅ ዝንጅብል ፈልጎ ደወለ። ሱዳኖች ቡናቸውን በዝንጅብል ስለሚያፈሉ ዝንጅብል ፈላጊ አያጣም። እሱ ዐረብኛ ከአማርኛ ቀላቅሎ ይናገራል፤ እኛም እንደዚያው ነን። «ኸምሳ ጆንያ» አለ። በዐረብኛ ኸምሳ ማለት አምስት ነው። መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ጆሯችን የሰማው «ሃምሳ» ነው። «ሃምሳ?» ብለን ጠየቅን። እሱም «ኸምሳ» ያልን መስሎት «አይዋ» አለ። መተማ ላለው አቅራቢያችን ደውለን 50 ጆንያ በዱቤ አስጫንን።

ዕቃው ሲደርስ ደንበኛው 5 ወሰደ፣ 45ቱ እኛው ላይ ቀረ። እሱ አልዋሸም፣ እኛም አልዋሸንም። የመተማው ሰው ግን ገንዘቡን ይጠብቃል። በየሱቁ እየዞርን በኪሳራ ሸጥነው። ዕዳውን ከፍለን ስንጨርስ «ይህች መኪና ማይክ ያስፈልጋታል» አልን።

መጀመሪያ የገዛነው ሲጋራ ማቀጣጠያው ላይ የሚሰካውን ብሉቱዝ ነው። የደዋዩ ድምፅ በሬዲዮው ጥርት ብሎ ይመጣል፤ የእኛን ግን «ጉድጓድ ውስጥ ናችሁ እንዴ?» ይሉናል። ማይኩ ያለው ታች ማርሹ አጠገብ ስለሆነ ከአፋችን ይልቅ ሞተሩን ይሰማል። ቀጥሎ ባለገመድ ማይክ ገዝተን ቴፑ ላይ ባለው የኦክስ ቀዳዳ ሰካነው፤ ጭራሽ ዝም አለ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ልጅ ሳቀብን። ኦክስ ከስልክ የሚመጣ ሙዚቃ ይቀበላል እንጂ ማይክ አይቀበልም፤ ማይክ የራሱን መግቢያና ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈልጋል አለን።

በመጨረሻ ከኋላው የማይክ መግቢያ ያለው ባለብሉቱዝ ቴፕ አስገባን። እናንተም ስትገዙ የማይኩ ጫፍና የቴፑ መግቢያ ልክ አንድ መሆኑን እዩ፤ 3.5 ሚሊ ሜትርም 2.5 ሚሊ ሜትርም አለ። ልጁ ሥራ ሳይጀምር የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈታ። ማይኩን መጀመሪያ ዳሽቦርዱ ላይ ለጠፈው፤ የኤሲው ንፋስ እየነፋበት የሚሰማው ፉጨት ብቻ ሆነ። ከዚያ ከሹፌሩ ፊት ለፊት ከፍ አድርጎ፣ የፀሐይ መከላከያው ጥግ ላይ፣ ወደ አፍ አዙሮ አሰረው። ገመዱን በመስታወቱ ቋሚ ሽፋን ውስጥ አሳልፎ ከኤሌክትሪክ ገመዶቹ አራቀው። ቋሚው ውስጥ ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ግን ገመዱ ኤርባጉ ፊት እንዳያልፍ ተጠንቀቁ። ደዋዩ የራሱን ድምፅ መልሶ እሰማለሁ ካላችሁ ደግሞ የስፒከሩን ድምፅ ቀንሱ። ሙከራውንም ቆማችሁ ብቻ ሳይሆን ኤሲ ከፍታችሁ እየሄዳችሁ አድርጉት።

ማይኩ እጃችንን መሪው ላይ መለሰልን። በኢትዮጵያም ቢሆን እያሽከረከሩ ስልክ በእጅ መያዝ ያስቀጣል። ሆኖም እጅ ነፃ ወጣ ማለት ሐሳብ ነፃ ወጣ ማለት አይደለም። ስለዚህ «እየነዳን ነው፣ ቆመን እንደውላለን» እንላለን እንጂ ዋጋ እየነዳን አንቆርጥም። ቁጥር ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ እንናገራለን፦ «አምስት፣ ኸምሳ»፤ «ሃምሳ፣ ኸምሲን»። ሰብዓም ያው ነው፤ በዐረብኛ 7 ሲሆን ለአማርኛ ጆሮ 70 ይመስላል። ከዚያ በጽሑፍ እንልካለን።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ሶባን ለቀን በመደኒና በገዳሪፍ ወደ ጋላባት መጣን። ጎረቤቶቻችንንም ጭነን ነበር። መንገድ ላይ ኔትወርክ ብቅ ሲል እናታችን ከጎንደር ደወሉ።

«ስንት ሆናችሁ ነው?»

«ሰባት ነን!» አልን ሁላችንም በአንድ ድምፅ።

«ሰባት» ብለው ደገሙት። ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ፤ ግን ቁጥሩ በትክክል ደርሷቸው ነበር። ጎንደር ስንገባ ሰባት ፍራሽ ተነጥፎ ጠበቀን።