የአንድ ወታደር ሒሳብ

ቀኑን በቁጥር፣ ማታውን በስንኝ የማሳልፍ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። ከቁጥሮች ሁሉ አንዱ ግን ከልቤ አልወጣ ብሏል፤ 1,448 ዶላር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለአንድ ሰላም አስከባሪ የወር ወጪ፣ ከ2014 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ላሰማራው መንግሥት እንዲተካ የተተመነው ነው፤ ከዚያ በፊት 1,428 ነበር። ገንዘቡ የሚገባው በመንግሥት ካዝና ነው፤ የወታደሩን ድርሻ የሚወስነው የገዛ አገሩ ነው።

መንገዱ የተጀመረው ግን ለገንዘብ አልነበረም። በ1928 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር ለወራሪ አሳልፎ የሰጣት አገር፣ በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃን ወደ ኮርያ የላከችው የአንዱ መጠቃት የሁሉም ነው በሚል እምነት ነበር። ከ120 በላይ ልጆቿ ሕይወታቸውን ሰጡ። ከዚያም ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ብሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር… የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2003 ዓ.ም. እስከ 4,200 ወታደር የፈቀደለት የአብዬ ጦርም ለዓመታት ከሞላ ጎደል ኢትዮጵያዊ ነበር።

ድሃ አገር ጦሯን በዚህ ገንዘብ ብትደጉም አልወቅስም፤ በጀት ያለ ቁጥር አይቆምም። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. መሐል ሜዳ ላይ፣ የመንዝ ባናቸውን የደረቡ አንዲት እናት ከአብዬ የተላከላቸውን ብር ስቆጥር ዐይናቸው ከብሩ ላይ አልነበረም።

«ብሩስ መጣ፤ እሱ መቼ ይመጣል፣ ልጄ?» አሉኝ።

«በደኅና ይመለሳል፣ እማማ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። በመንግሥት መዝገብ ወታደር በወታደር ይተካል፤ በእናት መዝገብ ግን ተተኪ የሚባል ዓምድ የለም። ማታ እንዲህ ጻፍኩላቸው፦

ብሩስ ተቆጥሮ በእጄ ገባልኝ፣
የላከውን ልጅ ማን ይቁጠርልኝ?