አቦል፣ ቶና፣ በረካ

በዕድሜዬ ብዙ ሥራ ሠርቻለሁ። አዲስ አበባ አስተማሪ ነበርኩ፤ ኮሎምበስ መጥቼ መኪና ማቆሚያ ጠብቄአለሁ፣ ሣጥን ተሸክሜአለሁ፣ ታክሲ ነድቻለሁ። የስድብ ዳኛ እሆናለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩም። ባለፈው ሰኔ ሆንኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ያደጉ ልጆቻችን ራፕ ይገጥማሉ። «ባትል» የሚሉት ደግሞ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው በግጥም የሚሰዳደቡበት ጨዋታ ነው። ዛሬ ዛሬ ያለ ሙዚቃ፣ በባዶ ድምፅ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ዙር ይካሄዳል። ክሊቭላንድ አቬኑ አካባቢ ባለ አንድ አዳራሽ ሁለት ሐበሾች ሊገጥሙ ሆነ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ ራፕ አዋቂ ወጣቶች ናቸው። ግጥሙ አማርኛ ስለሚቀላቀልበት «አማርኛውን የሚዳኝ ሽማግሌ ይጨመር» ተባለና ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ።

«ጋሼ፣ መሳደባቸውን አይዩ፤ አሰዳደባቸውን ነው የሚያዩት» አለኝ አዘጋጁ።

ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በልጅነታችን «እንካ ስላንቲያ»፣ «በምን ትያ» እየተባባልን በግጥም ስንሞላለጭ አልነበር ያደግነው? የተናደደ ተሸነፈ። አባቶቻችንም በበልሃ ልበልሃ ችሎት ከዛፍ ጥላ ሥር ቆመው፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ በቃል ይሟገቱ ነበር። አሜሪካኖቹም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በ1981 (እ.ኤ.አ.) ሐርለም ወርልድ በተባለው የኒውዮርክ ክለብ፣ ሕዝብ በማስጨፈር ስሙ የገነነውን ቢዚ ቢን፣ ኩል ሞ ዲ የተባለ ወጣት በግጥም አራቁቶት ጨዋታውን ለወጠው ይባላል። በ1997 ደግሞ እዚሁ ጎረቤታችን ሲንሲናቲ፣ «ስክሪብል ጃም» በተባለው ውድድር፣ ኤሚነም ዓለም ሳያውቀው በፊት ጁስ በተባለ የቺካጎ ልጅ ተሸንፏል። መሸነፍ የዓለም ፍጻሜ አይደለም ለማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከሁለቱ ተጋጣሚዎች አንጋፋውን አውቀዋለሁ። ኮሎምበስ በመጣሁበት የመጀመሪያው የበረዶ ወራት፣ ሰው በሌለኝ ጊዜ፣ እናቱ ሽሮ በሣህን እየላከች ነው ያከረመችኝ። ሣህኑን ይዞልኝ የሚመጣው እሱ ነበር፤ ያኔ ትንሽ ልጅ ነው። ይህን ለአዘጋጁ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም።

ዕጣ ሲጣል አንጋፋው ቀዳሚ ሆነ። የመጀመሪያው ዙር የእሱ ነበር፤ ድምፁ የረጋ፣ ቃሉ የተመጠነ። ሁለተኛውን ጎረምሳው ወሰደው። «ሃያ ዓመት ማይክ ጨብጠህ፣ እስካሁን ዌርሃውስ ሣጥን ትቆጥራለህ» ሲለው አዳራሹ ፈነዳ። እኔም ሣጥን የተሸከምኩ ሰው ነኝና ወንበሬ ላይ ተቁነጠነጥኩ።

ሦስተኛው ዙር መጣ። አንጋፋው ወደ ጎረምሳው ቀረብ ብሎ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአማርኛ «ሕዝቡ ሁሉ ገና ይልሃል፤ አንተ ስጦታ የመጣልህ መሰለህ» አለው። ሰሙ የገና በዓል፣ ወርቁ «ገና ነህ፣ አልበሰልክም» ነው። እናቶች እልል አሉ። ወጣቶቹ ዳኞች እንኳ ከወንበራቸው ተነሡ።

እኔ ግን አልተነሣሁም። ይህችን ስንኝ ከዓመታት በፊት ሰምቻታለሁ። በአንድ የገና ዝግጅት ላይ፣ በሌላ ልጅ ላይ፣ ይኸው ሰው ነበር ያላት። ያኔ ዕለቱ ገና ስለነበር ስንኟ እንደ ቀለበት ልክ ገጥማ ነበር። ዛሬ ሰኔ ነው። ይህን ከአዳራሹ ሁሉ የማውቀው ምናልባት እኔ ብቻ ነኝ።

ጎረምሳው ተራው ሲደርስ ያዘጋጀው ግጥም ጠፋበት። ዝም አለ። ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ድንገት ዓይኑ በአዳራሹ ጥግ ጀበና ይዛ ከምትቀዳ ሴት ላይ ዐረፈ። «ድሮ አቦል ነበርክ፣ ከዚያ ቶና ሆንክ፤ አሁን በረካ ነህ፣ ውኃ ውኃ ትላለህ» አለ። እዚያው የተወለደ ግጥም ነው። አማርኛው እንደ እንግሊዝኛ ይጎተታል፤ ግን ትኩስ ነው።

ከሁለቱ ወጣቶች አንዱ ለአንጋፋው፣ አንዱ ለጎረምሳው ሰጠ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

የቅኔ መምህራን ያቆዩልን ሕግ ትዝ አለኝ። ቅኔ ይዘረፋል እንጂ አይደገምም፤ ትናንት የተቀኙትን ዛሬ ይዞ መቆም ነውር ነው። ሽሮውም ትዝ አለኝ። እጄን ወደ ጎረምሳው አነሣሁ።

ውጭ መኪናዬን ስከፍት አንጋፋው መጣ። «ጋሼ፣ የገናዋን ያውቋት ነበር አይደል?»

«አውቃት ነበር።»

«ሕዝቡ ግን አያውቃትም።»

«እውነትህን ነው።»

«ሁለት ሥራ ነው የምሠራው። ቤት ሕፃን አለ። አዲስ የምጽፍበትን ጊዜ ከየት ላምጣው?» መልስ አልነበረኝም። ትከሻዬን ሳም አድርጎኝ ሄደ።

በሳምንቱ እናቱ ደወለች። «ፈረድክበት አሉ» አለች። ዝም አልኩ። «ለማንኛውም እሑድ ቡና አለ፤ እንዳትቀር።»

ሄድኩ። ልጁ ሥራ ላይ ነበር። አቦሉን፣ ቶናውን ጠጣን። በረካው ሲቀዳ በእርግጥም ቀጥኗል። እሷ ግን ሲኒውን እያቀበለችኝ እንደ ልማዷ መረቀችኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በረካ ማለት ምርቃቱ ያለበት ሲኒ አይደለም እንዴ? አንጋፋው ይህን መልሶ ቢል ኖሮ ጎረምሳው አለቀለት ነበር። ግን ዕጣው ቀዳሚ አድርጎታልና የሚመልስበት ተራ አልነበረውም።

ፍርዴን አልሻርኩም። ከዚያ ወዲህ ግን ስለዚያ ዕጣ ሳላስብ የዋልኩበት እሑድ የለም። እናንተስ ብትሆኑ ለማን ትፈርዱ ነበር?

ቸር ይግጠመን።