ሐዲድ ካልደረሰበት አገር

እኔ ባደግሁበት የሶዶ ዙሪያ ገጠር «ባቡር» ሲባል የእህል ወፍጮ ማለት ነበር። በሐዲድ የሚሄደውን ያየሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ስለሆነም ስለ አሮጌው የምድር ባቡር ቅርስነት ልጽፍ መሆኔን ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ብነግረው ከት ብሎ ሳቀ። «ለወላይታ ሐዲድ መች ደረሰለትና! እሱን ድሬዳዋዎች ይጨነቁበት፤ አንተ ይልቅ ለፈተናህ አጥና» አለኝ። ነገሩ ቀልድ ቢሆንም መልስ የሚገባው ሆኖ አገኘሁት።

እስቲ በመጀመሪያ ታሪኩን እንመልከት። ዐፄ ምኒልክ የሐዲዱን ሥራ ፈቃድ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ወራት ቆይቶ፣ በ1887 ዓ.ም.፣ ጦራቸው በካዎ ጦና ላይ ወደ ወላይታ ዘመተ። እንግዲህ ሐዲዱ የታሰበበትና አያቶቻችን በጦርነት ወደ መንግሥቱ የተጠቃለሉበት ዘመን አንድ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም ከጅቡቲ ጀምሮ 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ወደ እኛ ግን አልመጣም። እርሱ ባይመጣ የእኛ ሰው ወደ እርሱ ሄደ። አያቴ ከብዙ ያገሩ ጎበዞች ጋር ቆላ ወርዶ በመተሐራ ሸንኮራ ቈርጧል። ስለዚያ አገር ሲያጫውተን ከሙቀቱና ከወባው ቀጥሎ የሚያነሣው የባቡሩን ፉጨት ነበር። ሰዓት ስላልነበረው ሌሊቱ ምን ያህል እንደ ገፋ የሚያውቀው በፉጨቱ ነበርና። ስለዚህ «የእኛ አይደለም» የሚለውን ቃል እኔ በበኩሌ አልቀበለውም።

ባቡር የሚለው ቃል ራሱ ከእንፋሎት ስም የመጣ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ግመል አይደለምና በዚያ በረሃ ውሃ ማጠጣቱ ትልቅ ጣጣ ነበር። በ1940ዎቹ ዓ.ም. ናፍጣ መተካት ጀመረ፤ ናፍጣውም በተራው አረጀ። በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲስ መሥመር በሌላ ሐዲድ ሲመረቅ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው አሮጌው መንገድ አስቀድሞ ፀጥ ብሎ ነበር።

ባለፈው ክረምት ለዘመድ ሠርግ ድሬዳዋ ሄጄ ከአንድ ጡረተኛ የባቡር መካኒክ ጋር ተዋወቅሁ። መንኰራኵሩን በመዶሻ መትተው፣ ስንጥቅ ያለበትን ከጤነኛው በድምፁ ብቻ እንዴት ይለዩ እንደ ነበር በብረት ድስት ላይ እያንኳኩ አሳዩኝ። «ይህን ለማን አስተማሩት?» ብላቸው «ማን ጠየቀኝ ልጄ?» አሉኝ። ብረቱስ ቢዝግም ይቈያል፤ ይህ ጆሮ ግን ከሰውዬው ጋር ይቀበራል።

ጓደኛዬ «ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል?» ማለቱ አይቀርም። በእንግሊዝ አገር፣ በሊድስ ከተማ፣ በ1758 እ.ኤ.አ. በፓርላማ ሕግ የተፈቀደ ሚድልተን የሚባል የድንጋይ ከሰል ሐዲድ አለ። የመዘጋት አደጋ ሲያንዣብብበት፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ከአንድ መምህራቸው ጋር ማኅበር አቋቁመው በ1960 እ.ኤ.አ. ያለ ደመወዝ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። አገሪቱ እንፋሎትን ከዋናው መሥመር ያሰናበተችው በ1968 እ.ኤ.አ. ነውና ተማሪዎቹ የደረሱት ከቀብሩ በፊት ነው። እንግሊዝ ሀብታም ነው የሚል ካለ ደግሞ ወደ ጎረቤት ይመልከት። ኤርትራ በጦርነት የፈረሰውን የ118 ኪሎ ሜትር የምጽዋና የአስመራ ሐዲድ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መልሳ ስትሠራ፣ ጡረታ የወጡት ሽማግሌዎች ተጠርተው አሮጌዎቹን የእንፋሎት ሞተሮች በገዛ እጃቸው አስነሥተዋል። ዕውቀቱ በእነርሱ ዘንድ ባይገኝ ኖሮ የብር ብዛት ብቻውን ምን ይፈይድ ነበር?

እኛ ሞተር እናስነሣ አልልም፤ ለዚያ አቅሙ የለንም። ደብተርና እርሳስ ግን አለን። ከድሬዳዋ፣ ከአዋሽ፣ ከመተሐራ፣ ከአዳማና ከሞጆ የመጣችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ በመጪው ዕረፍት አንድ አንድ የባቡር ሠራተኛ ፈልጋችሁ ሥራቸውን ከነቃላቱ ጻፉ። የወላይታ ልጆችም ሸንኮራ ሊቈርጡ የወረዱትን አባቶች እንጠይቅ። የተጻፈው ሁሉ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን ይሰጥ። ድስቱን እያንኳኩ ያስተማሩኝ አባት ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ እኔ በእርሳቸው እጀምራለሁ።