አባቴ እንዳለው

ባለፈው ዓመት ሐምሌ፣ ዝናቡ የቤታችንን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ ባመሸበት ሌሊት፣ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሄዶ ሲመለስ ግን ላፕቶፔ አብራው አልተመለሰችም። ባትሪዋ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽማግሌ በምርኩዝ እንደሚቆም እርሷም በሶኬት ነበር የምትቆመው። ደጋግሜ ብነካካት ከሆዷ «ቀጭ... ቀጭ...» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ቅዳሜ ከሥራ እንደ ወጣሁ ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለች ጠባብ የጥገና ሱቅ ይዣት ሄድሁ። ወጣቱ ባለሙያ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣትና፣ ሐኪም ለበሽተኛ ቤተሰብ እንደሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ሃርድ ዲስኩ ነው፤ ሔዱ ሄዷል» አለኝ። በዲስኩ ውስጥ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ሰሌዳ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል። የሚያነበው ክንድ ሰሌዳውን ሳይነካ፣ ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ባነሰ ርቀት ላይ ይንሳፈፋል። ክንዱ ሲታመም የሚፈልገውን ቦታ ያጣል፤ ወደ መነሻው ተመልሶ እንደገና ይሞክራል፤ እንደገናም ያጣል። ያ ቀጭቀጭታ የፍለጋው ድምፅ ኖሯል። ሊከፈት የሚችለው አቧራ በማይገባበት ልዩ ክፍል ብቻ ነው። ልጁ ይህን ብሎ ወደ በሩ ተመለከተ። በበሩ ፊት ከባድ መኪኖች ጭስና ጭቃ እየረጩ ወደ ደብረ ዘይት ይወርዳሉ። ሁለታችንም ምንም አልጨመርንም።

ውድ አንባቢዬ፣ የባንክ ጸሐፊ ነኝ። በእኛ ቤት የቀኑ ሒሳብ ሳይዘጋ፣ የአንድ ብር ልዩነት ቢገኝ እንኳ ምንጩ ሳይታወቅ፣ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። የሰው ገንዘብ መዝገብ በአንድ ቦታ ብቻ እንደማይቀመጥ ለአዲስ ተቀጣሪ የማስረዳው እኔ ነኝ። «ሳይቃጠል በቅጠል» እያልሁ! የራሴን ጽሑፍ ግን መጠባበቂያ ቅጂ የወሰድሁለት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ግንቦት 2010 ዓ.ም.፣ በአንድ ኤክስተርናል ዲስክ።

ግጥሞቼን ብቻ አጥቼ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር። ከዚያ ወዲህ ከጻፍኋቸው ጥቂቶቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ የረሳኋቸው ደግሞ ምናልባት መረሳታቸው ለሥነ ግጥማችን ጉዳት ላይሆን ይችላል። ያስጨነቀኝ ሌላ ነው። አባቴ በአቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ፋብሪካዎችን ሲወርስ ገና የሁለት ዓመት ሠራተኛ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ሕመሙ ሲጠናበት፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ማታ ማታ እርሱ እያወራ እኔ እጽፍ ነበር። የመጨረሻዎቹን ሦስት ምሽቶች የጻፍነው በጳጉሜን 2010 ዓ.ም. ነው። በተከታዩ ጥር ዐረፈ።

ልጁ በሞተው ዲስክ ቦታ ኤስኤስዲ ተከለባት፤ ዊንዶውስ ጫነባት። ኤክስተርናሉን ሰካን። ፋይሎቹ አሉ! የመጀመሪያውን ስከፍተው ግን ገጹ በላቲን ፊደላት፣ በነጥብና በጭረት ዝብርቅርቅ ተሞልቷል። «ተበላሽቷል» አልሁ። ልጁ ሳቀ። «አልተበላሸም፤ በቪዥዋል ግዕዝ ነው የጻፍከው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዩኒኮድ ፊደላችን የራሱን ቁጥሮች ያገኘው በፈረንጆቹ 1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ቦታ ተውሰው የግዕዙን መልክ ያለብሱት ነበር። 256 ብቻ በሆነ ቦታ 33ቱን ፊደላት በሰባት በሰባት፣ ዲቃሎቹን፣ አኃዙንና ሥርዓተ ነጥቡን ማስገባት ጭንቅ ነበርና፣ ፎንቱ ከሌለ ልብሱ ይወልቃል። እኔ ደግሞ ዩኒኮድ ከተስፋፋ በኋላም ከተማሪነቴ የለመድሁትን አልተውሁም። ፎንቱን ፈልጎ ሲጭነው ያ ዝብርቅርቅ በዓይኔ ፊት አባቴን ሆነ።

የብራና መጻሕፍቶቻችንን አሰብሁ። በ1970ዎቹ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ በየገዳማቱ በማይክሮፊልም እየተነሡ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሲቀር ሌላው ወደ ሚኒሶታ ተልኳል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ2021 እስኪያርፉ የብዙ ዐሥርት ዓመታት ድካማቸውን ካፈሰሱባቸው ሥራዎች አንዱ የእነዚያን ፊልሞች ዝርዝር ማዘጋጀት ነበር። ሥጋቱን ቀድሞ ያየ ሰው ነበር ማለት ነው።

ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርሁ። ያገኘሁት አባቴ እንደ ተናገረው ያስቀመጥሁትን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ነው። ከሞተ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ያስተካከልሁት፣ «ያሳመርሁት»፣ ከዲስኩ ጋር ሄዷል። አንዱን ዐረፍተ ነገር በቃሌ ስለማውቀው አስተያየሁት። እኔ «የማሽኖቹ ዝማሬ በሌሊት በነፍሱ ውስጥ ያስተጋባ ነበር» ብዬ ነበር። አባቴ ያለው ይህ ነው፦ «የሌሊት ተረኛ ስሆን ሁከቱ ቤት ድረስ ይከተለኛል፤ እናትህ ስታወራኝ አፏን ነው የማየው፣ አልሰማትም።» ዝማሬ ብሎ አያውቅም። አፈርሁ።

የጳጉሜኖቹ ሦስት ምሽቶች ግን ጨርሶ የሉም። በእነዚያ ያወራኝ ወደ አቃቂ ስለ መጣበት ቀን ነበር። ከሞጆ በባቡር መምጣቱን፣ አቃቂ ጣቢያ ሲወርድ ጫማውን በእጁ ይዞ እንደ ነበር አስታውሳለሁ። እሑድ ለእናቴ ይህንኑ ነገርኋት።

«በባቡር? እሱ?» አለች ስኒውን ወደ ረከቦቱ እየመለሰች። «እሱ በጭነት መኪና ነው የመጣ። ከሞጆ በባቡር የመጣሁትስ እኔ ነኝ። ጫማውም የእኔ ነበር።»

የሷን ነገር ሲያወራኝ የራሱ አድርጌ ይዤው ይሆን? ወይስ እርሱ ራሱ በሕመሙ መካከል ቀላቅሎት? ወይስ የተሳሳተችው እናቴ ናት? የሚዳኘን ፋይል እዚያ ዲስክ ውስጥ፣ ከዚያ ከታመመ ክንድ ሥር አለ። ዲስኩን አልጣልሁትም፤ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑሬዋለሁ። የተረፈውን ወደ ዩኒኮድ ገልብጬ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ሞጆ ከምትኖረው እህቴ ዘንድ ነው።

ላፕቶፗን አምጥቼ ከረከቦቱ ማዶ ከፈትኋት። «እስቲ ከባቡሩ ጀምሪልኝ፣ እማዬ» አልኋት።

«ቆይ» አለች፤ «ሁለተኛው ይፍላ።»