ትልቅ ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት

ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ሙቀቱ ሲጀምር ስልኬ አያርፍም። ጥያቄው ያው ነው፦ «ላይኛው ፎቅ አልቀዘቅዝ አለኝ፤ ትልቅ ኤሲ ላስገባ?»

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ባለ 3 ቶኑን አስነቅላ ባለ 5 ቶን በብድር ልታስገጥም ብዕር አንስታ ነበር። አስም ያለባቸው እናቷ የሚተኙት ላይ ነው።

ቶን እዚህ ላይ ክብደት አይደለም። 1 ቶን በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ሙቀት ከቤት ያወጣል። ለዚያ በደቂቃ ወደ 400 ኪዩቢክ ጫማ አየር ማለፍ አለበት። ለ3 ቶን የተሠራ ዳክት የ5 ቶን አየር ከየት ያመጣል? በስክሪፕቶ ቀፎ አጥሚት መጠጣት ነው! (የድሮ ተማሪዎቼ ይቺን ምሳሌ ታውቋታላችሁ።) አየር ሲያንሰው ውስጡ በረዶ ይይዛል። ዳክቱ ቢበቃው እንኳ፣ ለቤቱ የበዛ ኤሲ ቶሎ አቀዝቅዞ ቶሎ ይጠፋል፤ እርጥበቱን የሚያወጣበት ጊዜ የለውም። ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ግን ያጣብቃል። እርጥበቱ ከቆየ ሻጋታ ያመጣል፤ ለአስም ደግሞ ሻጋታ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ሄጄ ሳየው ፊልተሩ በአቧራ ተደፍኗል። የእናትየው ክፍል አየር የሚመለስበት ቀዳዳ የለውም፤ በሩም ሌሊቱን ዝግ ነው። የገባው አየር መውጫ ካጣ ሌላው እንዴት ይግባ? ፊልተሩን ቀየርን፣ በሩን ገርበብ አደረግነው። በማግስቱ «እማዬ ብርድ ልብስ ጠየቀች» ብላ ደወለችልኝ።

ማሽኑ በእርግጥ ካረጀ ቀይሩት። ሻጩን ግን ማንዋል ጄ የሚባለውን የቤቱን የሙቀት ስሌት ጠይቁት፤ መስኮቱን፣ ጣሪያውን ሳያይ በካሬ ጫማ ብቻ ቶን ከነገራችሁ፣ ቡና አጠጥታችሁ ሸኙት።